የአባቴ ፍሪሲዮን

ቅዳሜ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያለፈ ነበር። የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት መስኮቱ ሥር ዘርግቼ ሳርም አባቴ በሩ ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ኮታቸውን ለብሰው ነጠላቸውን በላዩ አጣፍተዋል። እንዲህ የሚለብሱት ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ወይም ለቅሶ ሲደርሱ ነው።

«ወረቀቱ ይቆይሽ» አሉኝ። «ዲማ እንሄዳለን።»

«ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም አልሞተም። ሳይሞቱ ልድረስ ብዬ ነው።» ከዚያ እናቴ እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያን ፈቃድሽንም ያዥው» አሉ።

መንጃ ፈቃዴን ማለታቸው ነበር። በዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቴ፣ አዲስ አበባ፣ በአንዲት ለስላሳ የመለማመጃ መኪና ተምሬ ነበር ያወጣሁት። ደብረ ማርቆስ ከተመለስኩ ወዲህ ከቦርሳዬ ወጥቶ አያውቅም። ሴት መሪ ስትይዝ አይቶ በማያውቅ ከተማ የመጀመሪያዋ ለመሆን የሚበቃ ድፍረት እኔ ዘንድ አልነበረም። አስተማሪ ሆኜ ክፍል ውስጥ መቆሙ እንኳ አቅሜን ይጨርሰዋል፤ ዓርብ ቤቴ ስገባ የሰው ፊት ማየት ያስጠላኛል። አባቴ ይህን ያውቃሉ። እያወቁ ፈቃድሽን ያዥ ማለታቸው ነው ያስደነገጠኝ።

ነገሩ የግራ እግራቸው ነበር።

አባቴ ሹፌር ናቸው። መኪናቸው አንድ የውጭ አገር ሰው ለተራራ ውድድር ያሠራት፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ከመሬት ብዙም ከፍ ያላለች አሮጌ መኪና ነች። ሰውየው አገሩ ሲገባ ለረጅም ጊዜ ላገለገሉት ለአባቴ ትቶላቸው ሄደ። ሞተሯ ከቁመቷ በላይ ጉልበት አለው። ያን ጉልበት ለጎማው የሚያስተላልፈው ፍሪሲዮንም ለውድድር የተገጠመ ስለሆነ፣ እንዳይንሸራተት ብርቱ የብረት ሞላ ተጭኖበታል። ሞላው በበረታ መጠን ደግሞ ፔዳሉ ለእግር ይከብዳል። ለተወዳዳሪ ይህ ችግር አልነበረም፤ ማርሽ ሲለውጥ ለቅጽበት ረግጦ ይለቀዋል። አህያ፣ በግ፣ ሠርግና ቀብር በሚያቆመው በእኛ መንገድ ላይ ግን ሹፌር ፍሪሲዮን እንደ ረገጠ ይውላል። የአባቴ የግራ ጫማ ሁልጊዜ ከቀኙ ቀድሞ ያልቃል። የግራ ጭናቸውም ከቀኙ ይወፍራል፤ ልብስ ሰፊያቸው ሱሪ በለካቸው ቁጥር «ጋሼ፣ ይቺ እግር ብቻዋን ትበላለች እንዴ?» እያለ ይስቅ ነበር።

ያን ዓመት መስከረም ላይ ጉልበታቸው ማበጥ ጀመረ። መካኒኩ ጠንካራውን ፍሪሲዮን አውጥቶ ከሌላ መኪና ለስላሳ ሊገጥምላቸው ለመናቸው። «ይህ ሞተር ለስላሳውን ቆሎ አድርጎ ይበላዋል» ብለው እምቢ አሉ፤ እንደ ሰማሁት እውነታቸውን ነው። ሐኪሙ እንዲያርፉ ነገራቸው። እሱንም አልሰሙም። እሳቸው ዘንድ የሕመሙ ምክንያት ሞላም አልነበረም፣ መገጣጠሚያም አልነበረም። ቃል ነበር።

ወጣት ሳሉ ዲማ ላይ የቅኔ ተማሪ ነበሩ። ሊመረቁ ጥቂት ሲቀራቸው አንድ የእህል መኪና በዚያ አለፈ፤ ሹፌሩ ረዳት ፈልጎ ነበርና ድርሳናቸውንም አኩፋዳቸውንም ጥለው ተከተሉት። መምህራቸው የኔታ ሰምተው ከአፋፉ ላይ ደረሱ። አባቴ ቁልቁል ሲሮጡ ከኋላቸው «እግርህ ይክዳህ!» የሚል ድምፅ ሰሙ። ዞረው አላዩም። ከዚያ ወዲያም ዲማን ረግጠው አያውቁም።

«በእግሬ ከዳኋቸው፤ እግሬ ከዳኝ» ይሉ ነበር ማታ ማታ ጉልበታቸውን በሞቀ ጨርቅ ሲያሹ። «ቃላቸውን እስካላነሡልኝ ድረስ አይመለስም።» የማይመለስ ከሆነ መኪናዋ ቆመች ማለት ነው። መኪናዋ ከቆመች ደግሞ አባቴ ምን እንደሚሆኑ እናቴም እኔም ማሰብ አንፈልግም ነበር። በሽተኛ ሲብስበት፣ መርዶ ሲቸኩል፣ ባለጉዳይ ችሎት ሊያመልጠው ሲል የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ሳይጠሩ በዋሉበት ቀን ደጅ ላይ ተቀምጠው መንገዱን ሲያዩ ዕድሜያቸው ላያቸው ላይ ይወድቃል። በዚያ ሳምንት ደግሞ ከዲማ የመጣ ካህን የኔታ በጣም እንደ ደከሙ ነገራቸው።

የጉልበታቸው ሕመም ከፔዳሉ ክብደት መሆኑን ልነግራቸው ብዬ ተውኩት። ወረቀቶቹን ሰብስቤ ተነሣሁ።

እናቴ በር ላይ ቆማ፣ «ቀኝ ያውላችሁ» አለችን።

«አሜን» አሉ አባቴ፣ የግራ እግራቸውን በሁለት እጃቸው አንሥተው ወደ ውስጥ እያስገቡ። «ለግራውም ጸልዪልኝ።»

ከከተማ እስክንወጣ በግራ እጃቸው ጭናቸውን ቁልቁል እየገፉ ነበር ፍሪሲዮኑን የሚረግጡት። ሜዳው ላይ ማርሽ መለወጥ ስለማያስፈልግ ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ። ሉማሜ ስንገባ ግን ገበያተኛው መንገዱን ሞልቶታል፤ ከፊታችን ደግሞ አውቶቡስ ቆሞ ሰው ያወርዳል። አባቴ ረገጡ፣ ለቀቁ፣ ጥቂት ተጓዙ፣ መልሰው ረገጡ። ግንባራቸው ላይ ላብ ቸፈፈ። ከዚያ ጉልበታቸው ውስጥ የደረቀ እንጨት የሚሰበር የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። እግራቸው ከፔዳሉ ላይ ተንሸራተተ፣ መኪናዋ ዘለለች፣ ጌሾ የተጫነች አህያ ጭራ ሥር ደርሳ ሞተሯ ጠፋ።

«ኧረ በጊዮርጊስ!» አለ ባለ አህያው። ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ ወደ ውስጥ እያየ፣ «አባው፣ እንዲህ ተኝተው እየነዱ አህያዬን እንዴት ያይዋታል?»

አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። «በዚህ በኩል ነይ» አሉኝ መጨረሻ ላይ።

መኪናውን ዞሬ እስክገባ ድረስ የነበረችው ያች አጭር መንገድ የምትረዝም መሰለችኝ። ሻይ ቤት በረንዳ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ያዩኛል። ባለቤቲቱ፣ ወፈር ያለች፣ መቀነቷን ያጠበቀች ሴት፣ ትሪዋን እንደ ያዘች ብቅ አለች።

«ልጅቷ ልትነዳው ነው እንዴ? ምናለ በሬ ቢጎትተው!»

በረንዳው በሙሉ ሳቀ። አንገቴን ደፍቼ ገባሁ። ቀሚሴን ጉልበቴ ላይ ሰብስቤ ፍሪሲዮኑን ረገጥኩ። አልወረደም። ግድግዳ የረገጥኩ መሰለኝ። ጀርባዬን ከወንበሩ አስደግፌ፣ መሪውን በሁለት እጄ ይዤ ገፋሁት፤ ያን ጊዜ ወረደ። ወርዶም አያርፍም፤ ሞላው እግሬን ወደ ላይ ይመልሰዋል። አዲስ አበባ የተማርኩባት መኪና ፔዳል እንደ ትራስ ነበር። ትንሽ ለቀቅ ሳደርገው ይኼኛው ከእግሬ ላይ ተስፈንጥሮ ሞተሩን አጠፋው። አስነሥቼ ሞከርኩ፣ መልሶ ጠፋ።

«ቆይ፣ ስሚኝ» አሉ አባቴ። ሕመሙ ቀለል ብሏቸው ነበር መሰለኝ ድምፃቸው የአስተማሪ ሆነ። «ይኼ ግራ ጌታ ነው» አሉ ወደ ፍሪሲዮኑ እያመለከቱ። «ያ፣ ቤንዚን መስጫው፣ ቀኝ ጌታ ነው። መሪጌታው መሪው ነው፤ ስሙ ራሱ ይናገራል። ማኅሌት ላይ እንዴት ነው? ቀኙ ያነሣል፣ ግራው ይቀበላል። እንደዚያ አድርጊው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።»

ማኅሌት እየሰማሁ ነው ያደግሁት። በቀኝ የቆመው ወገን ዜማውን ሞልቶ ካነሣ በኋላ ነው በግራ የቆመው ቀስ ብሎ የሚቀበለው። የታዘዝኩትን አደረግሁ። ቀኝ ጌታውን አነሣሁት፤ ሞተሩ እንደ ነጎድጓድ አገሣ። ግራ ጌታው ደግሞ ከብዶ ስለሚገፋኝ በጣም ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ ተቀበለ። መኪናዋ አልተንቀሳቀሰችም። ከሥራችን የተቃጠለ ቆዳ የመሰለ ክርፋት ወጣ፣ ቀጥሎም ጭስ። አህያዋ ጌሾዋን እየበተነች ፈረጠጠች፤ ባለቤቱም ከኋላዋ።

«እናንተ!» አለች ባለ ሻይ ቤቷ፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ። «ወጤ ነው ያረረው ወይስ መኪናው?»

«ልቀቂው! ልቀቂው!» ይላሉ አባቴ።

«የቱን?»

«ግራ ጌታውን!»

ለቀቅኩት። መኪናዋ እንደ እንቁራሪት ዘልላ ቆመች፤ ሞተሩ ጠፋ። ጭሱ በመስኮቱ እየገባ ዓይኔን አስለቀሰኝ፤ በጭሱ ማመካኘቴም ጠቀመኝ። አባቴ የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። ዘወር ብዬ ሳያቸው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ እየሳቁ ነው።

«እኔ ነኝ» አሉ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «እኔ ነኝ ያሳሳትኩሽ። መኪና ላይ የሚያነሣው ግራው ነው፣ የሚቀበለው ቀኙ። ይህን ያህል ዘመን ስነዳ አንድ ቀን አስቤው አላውቅም። የኔታ የጠሉት ወደው አይደለም፤ ግራው የሚመራው ማኅሌት!»

ጭሱ እስኪበርድ ጠበቅን። ከዚያ ግራውን መጀመሪያ አነሣሁት፤ መኪናዋ እንደ በረደው ሰው ስትንቀጠቀጥ እግሬን እዚያው ላይ ያዝኩ፤ ከዚያ በኋላ ለቀኙ ሰጠሁት። ሄደች። በረንዳው ላይ የተነሣው ጩኸት ሙገሳ ይሁን ፌዝ አላወቅሁም። ፊቴ ይነድ ነበር።

ከሉማሜ ወዲያ ያለው መንገድ በእግሬ ነው ትዝ የሚለኝ። የጤፍ ክምሩን፣ አውድማው ላይ የሚዞሩትን በሬዎች፣ በስተግራ የጮቄ ተራራን ሰማያዊ ጀርባ ሳላይ አልቀረሁም፤ ግን አላየኋቸውም። ወንዝ በመጣ ቁጥር ማርሽ መቀነስ፣ ዳገት በመጣ ቁጥር መቀነስ፣ ከብት በመጣ ቁጥር መቆም። የጭኔ ጡንቻ መጀመሪያ አቃጠለኝ፣ ከዚያ ተንቀጠቀጠ፣ ኋላ ላይ የእኔ መሆኑን ረሳሁት። አባቴን በጎን አየኋቸው። እኔ ፍሪሲዮን በረገጥኩ ቁጥር የሳቸውም ግራ እግር፣ ያ የታመመው፣ ባዶውን ወለል ይረግጥ ነበር። የሚያደርጉትን የሚያውቁት አልመሰለኝም። ይህ እግር እንዴት ያርፋል ብዬ አሰብኩ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መኪና የሚያስኬደው መንገድ አለቀ። መኪናዋን ወይራ ሥር አቁመን በእግር ቀጠልን። አባቴ ትከሻዬን ተደግፈዋል፤ እኔም በደንብ መርገጥ አልቻልኩም። ከወፍጮ የምትመለስ አንዲት እናት ቆማ ስታየን ቆይታ፣ «አባትና ልጅ አንድ እግር ተካፍላችሁ ነው?» አለችን። አባቴ ከልባቸው ሳቁ። እኔ ለመሳቅም ደክሞኝ ነበር።

የኔታ ከጎጇቸው ደጅ፣ መደብ ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። በጣም አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ጠፍቷል፣ እጃቸው ከመቋሚያው እንጨት አይለይም። ዙሪያቸውን የተቀመጡት ተማሪዎች እኛን ሲያዩ ማነብነባቸውን ተዉ። አባቴ ሊንበረከኩ ፈለጉ፤ ጉልበታቸው አልታጠፍ አለና በጎናቸው ወደቁ። እንደ ወደቁ፣ «የኔታ፣ ይፍቱኝ» አሉ።

«ማነህ?»

«በእህል መኪና የጠፋሁት ነኝ።»

«አሁን ሥራህ ምንድን ነው?»

«ሹፌር ነኝ። ሲበላሽም ሞተር እፈታለሁ።»

«ዕድሜህን ሙሉ ስትፈታ ኖረህ፣ አንተን የሚፈታ አጥተህ ዲማ መጣህ?»

ተማሪዎቹ ሳቁ። አባቴ አልሳቁም። «ቃልዎ ይዞኝ ነው፣ የኔታ። እግርህ ይክዳህ ብለውኝ ነበር። ይኸው ከዳኝ።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው በእጃቸው ፈለጓቸው። ጉልበቱን አገኙት፤ እብጠቱን ዳበሱ። እጃቸው ከዚያ ወደ ታች ወርዶ ጫማው ላይ ደረሰና ማሰሪያውን፣ ቆዳውን፣ ያለቀውን የግራ ሶል ዳሰሰ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ጫማ ነው።»

«ያን ጊዜ ጫማ ነበረህ?»

«ከየት አምጥቼ፣ የኔታ? ባዶ እግሬን አልነበርኩም?»

«እንግዲያው ቃሌ ደርሷል» አሉ የኔታ ቀና ብለው። «እግርህን ይክደንህ ነው ያልኩት። ይኸው ከደነልህ። አንተ እየሮጥክ እንዴት አድርገህ ትሰማለህ?»

ተማሪዎቹ ሁሉ ባንድ ድምፅ «ይበል! ይበል!» አሉ፤ ጥሩ ቅኔ ሲሰማ እንደሚባለው። አባቴ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። እኔ የኔታን አየኋቸው። የታወረው ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። ያን ጊዜ በእርግጥ ይክደንህ ብለው ይሁን፣ ወይስ እጃቸው ጫማው ላይ ሲደርስ እዚያው የፈጠሩት ይሁን፣ ዛሬም አላውቅም። በቃል የኖሩ ሰው ናቸው፤ አንዷን ፊደል ለምሕረት መጨመር አያቅታቸውም።

«ለማንኛውም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ረግሜህም ከሆነ ስንቱን ረግሜ! የኔ እርግማን ቢሠራ ዲማ በአንካሳ በሞላ ነበር። እግዚአብሔር ይፍታህ።» የእጅ መስቀላቸውን አባቴ ጉልበት ላይ አሳረፉ። ወዲያው ወደ እኔ አቅጣጫ ዞረው፣ «ይችስ የምትተነፍሰው?» አሉ።

«ልጄ ናት፤ አስተማሪ ናት። እሷ ናት ነድታ ያመጣችኝ።»

«ምን ታስተምሪያለሽ?»

«ጂኦግራፊ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«የመሬት ነገር መሆኑ ነው። ደክሞሻል፤ ቁጭ በዪ።»

ያን ዕለት ድካሜን ያየልኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ በማያይ ዓይናቸው። ቁጭ አልኩ።

ማታ ያሳደሩን አንዲት መነኩሲት ናቸው። ለእንግዳ ወግ ነውና የእግር ውኃ አቀረቡ፤ የአባቴን እግር እኔ አጠብኩ። ጉልበታቸው ግሏል፣ ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል። ከጠዋቱ ብሶ ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸው እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም።

«ቀለለኝ» ይላሉ። «አይታወቅሽም? ነገ እኔ ነኝ የምነዳው።»

«አብጧል እኮ፣ አባባ።»

«ሲፈታ እንዲህ ያደርገዋል።» ሊያሳዩኝ ብድግ አሉ፤ ብድግ ባሉበት ግድግዳውን ያዙ። ከግድግዳው ሳይላቀቁም ፈገግ አሉልኝ።

ተማሪዎቹ ነገ ከቅዳሴ በኋላ እስከ መኪናዋ ሊሸኙን ተስማምተው ነበር፤ የተፈታው እግር ሲነዳ ሊያዩ። ተጋድሜ ያን አሰብኩ። አባቴ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ይገባሉ፣ በሙሉ እምነት ይረግጣሉ፣ ፔዳሉም አይወርድም። ያን ጊዜ የሚያጡት እግራቸውን አይሆንም፤ እሱን ካጡት ቆይተዋል። የሚያጡት ዛሬ የተሰጣቸውን ቃል ነው። ጭኔን እያሸሁ እኔ ራሴ ከመንዳት ሌላ ዘዴ ፈለግሁ፤ አልመጣልኝም።

በማግሥቱ እሑድ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ እያስቀደስኩ ሳለ፣ ቅዳሴው ሊፈጸም ጥቂት ሲቀረው ቀስ ብዬ ወጣሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ቅዳሴ አቋርጬ ወጥቼ አላውቅም። እያነከስኩ ቁልቁለቱን ወረድኩ። መኪናዋ ጤዛ ለብሳ ወይራው ሥር ቆማለች። መስተዋቷን በነጠላዬ ጠርጌ ገባሁና አስነሣኋት። ፊቷን ወደ ቤታችን መንገድ ለማዞር ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት፣ እንደገና ወደ ኋላ ማለት ነበረብኝ፤ እያንዳንዱ መርገጥ ከጭኔ እስከ ወገቤ ይወጋኝ ነበር። ዞራ ስታበቃ ሞተሩን ሳላጠፋ፣ ማርሹን ነጻ፣ ፎሌ ላይ አድርጌ፣ እጄን መሪው ላይ አኑሬ ጠበቅኩ።

መጡ። አባቴ ከፊት፣ ተማሪዎቹ ከኋላ። አባቴ በቀጥታ ወደ እኔ በር ነበር የመጡት። መስኮቱን ዝቅ አደረግሁ።

«ምነው?» አሉኝ።

«ትናንት ገና መልመዴ ነው፣ አባባ» አልኩ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ዛሬ ካልነዳሁ ይጠፋብኛል። ይፍቀዱልኝ።»

ቆመው አዩኝ። ከዚያ በጉልበቴ ላይ አሻግረው ወደ ፍሪሲዮኑ ተመለከቱ።

«ትለማመድ» አሉ አባቴ ወደ ተማሪዎቹ ዞረው። «ልጅ ነች፤ ካልተለማመደች መቼ ታውቃለች?»

የመኪናዋን አፍንጫ በእጃቸው እየተደገፉ፣ ቀስ እያሉ ወደ ማዶ ዞሩ። ጎንበስ ብዬ በሩን ከውስጥ ከፈትኩላቸው። እግራቸውን አንሥተው እስኪያስገቡ፣ ነጠላቸውን እስኪሰበስቡ ጠበቅኩና ጀርባዬን ከወንበሩ አስደግፌ ረገጥኩ።